ጥርሶቹ የተገኙበት ቤት

ጽጌ ወሬውን የሰማችው ሰፈሩ ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ጠዋት የቶሮንቶ ሐበሾች ወደሚገበያዩበት ዳንፎርዝ ሄዳ በርበሬና ሽሮ ሸማምታ፣ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዛ ስትመለስ፣ ሁለት የፖሊስ መኪኖች ከደጃፏ ቆመው አገኘች። በቢጫ ሪባን የታጠረው ግን የእሷ በር አልነበረም፤ የጎረቤቷ የሚስተር ዶኔጋን በር ነው። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ስለሆኑና በአንድ የድንጋይ ደረጃ ስለሚወጣባቸው፣ ወደ ቤቷ ለመግባት ከሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ ማለፍ ነበረባት።

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያ አላደረጉም። በዚያ ሁሉ ዓመት ጉርብትና ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ደጅ ወጥተው አይታቸው አታውቅም።

«ምን ሆነው ነው ሚስተር ዶኔጋን?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ቀና ብለው አዩዋት። ከኋላቸው የቆመው ፖሊስ ወደ ቤቷ እንድትገባ በእጁ አመለከታት።

ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። አበራሽ ናት። ከአበራሽ ጋር ሱዳን ስደት ላይ ተዋውቀው፣ እዚህም ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ ናቸው፤ አሁን አበራሽ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቅ ላይ ሆና የሰፈሩን ወጪና ገቢ ትቆጣጠራለች።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ሽማግሌው ቤት የልጆች ጥርስ ተገኘ እኮ።»

«የምን ጥርስ?»

«የሰው ነዋ! የሕፃናት። አንድ ሁለት እንዳይመስልሽ፣ እፍኝ ሙሉ ነው አሉ። ሠራተኞቹ ናቸው አግኝተው ፖሊስ የጠሩት።»

ጽጌ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓይኗ ላይ የመጣው መሳቢያ ነበር፤ ያንን የሽማግሌውን አሮጌ ቁም ሣጥን፣ የታችኛውን መሳቢያ፣ ውስጡ ያለውን አየችው። ያላየችውን ነገር እንዲህ አጥርታ ማየቷ በኋላ ሲያስደነግጣት ኖረ።

«ጽጌ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ስንት ዓመት ልጆችሽን እያየ ኖረ እኮ ይኼ ሰውዬ» አለች አበራሽ።

እዚያ ረድፍ ላይ ያሉት ቤቶች አራት ናቸው፤ ለማያውቃቸው ግን አንድ ረጅም ቤት ይመስላሉ። ቀይ ጡባቸው አንዱ በርዝመቱ አንዱ በጫፉ እየተፈራረቀ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ በር በላይ ግማሽ ክብ መስታወት አለ። መስኮቶቹ ከታች ረጃጅሞች ሆነው ወደ ላይ ሲወጡ ያጥራሉ። ታች ጌቶቹ፣ ላይ ገረዶቹ ይኖሩ ስለነበር ነው፤ ለገረድ ብርሃን ማን ይጨነቃል። ጽጌ ቤቱን ያገኘችው ኮኦፕ ከሚሉት የነዋሪዎች የቤት ማኅበር ተራ ደርሷት ነው። ገና እንደገባች ሰሞን ከውጭ ያየችውን አንድ የፎቅ መስኮት ልታጥብ ጨርቅና ባልዲ ይዛ ክፍል ለክፍል ፈልጋ አጣችው። ወጥታ አየች፤ መስኮቱ አለ። ገብታ አየች፤ ግድግዳ ነው። የዚያን ጊዜ ነው ሚስተር ዶኔጋን ከደጃፋቸው ሆነው የሳቁት።

«የውሸት ነው» አሏት። «ረድፉ እንዳይጎድል ብለው በጡብ ደፍነው ጥቁር የቀቡት። ልታጥቢው ከፈለግሽ መሰላል አበድርሻለሁ።»

ስሟን «ሲጌ» ነው የሚሉት፤ ጸ አይወጣላቸውም። የስትሪትካር ሹፌር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ቤቶቹ ሊፈርሱ ተወስኖባቸው በነበረበት ጊዜ ኮኦፑን አቋቁመው ካስጣሉት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚያ ረድፍ ሲናገሩ ስለ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። አሠራሩ ጆርጂያን እንደሚባል ለጽጌ የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት እንግሊዝ አገር ተከታትለው በነገሡበት ዘመን የተጀመረ ነው።

«እዚህ ሲሠራ ግን ጆርጆቹ ሁሉ ሞተው አልቀው ነበር» ይላሉ። «ያኔ ፋሽን በመርከብ ነበር የሚመጣው። መንገድ ላይ ይቆያል።»

የሠራው ከለንደን የመጣ ግንበኛ ነው። እዚያ ሲሠራው የኖረውን ቤት እንዳለ አምጥቶ እዚህ ተከለው። ጣሪያው ከመንገድ እንዳይታይ ከፊትም ከኋላም በግንብ ጋረደው። የጎረቤታሞቹን ጣሪያ ወደ ጋራው ግድግዳ አዘነበለና፣ መሃል ላይ እርሳስ በሚባለው ብረት የተለበጠ አንድ አሸንዳ አጋራቸው። ለለንደን ዝናብ ይህ ደግ ነበር። ቶሮንቶ ላይ ግን በረዶው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ተከምሮ ይከርምና፣ መቅለጥ ሲጀምር መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ጽጌም ሽማግሌውም መጋቢት በመጣ ቁጥር ፎቅ ላይ ባልዲ ይደቅናሉ። በጋራው ግድግዳ በኩል የእሳቸው ባልዲ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማታል፤ የእሷም ይሰማቸዋል።

«የአንድ ሰው የአገር ናፍቆት ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የሚያንጠባጥብብን» ይላሉ ሚስተር ዶኔጋን።

ጣሪያው በመጨረሻ እንዲታደስ ኮኦፑን ሲነዘንዙ የኖሩትም እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሳምንት መወጣጫው የተተከለው፣ ሠራተኞቹም የመጡት ለዚሁ ነው።

ጽጌ በዚያ ቤት ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ከዚያም የሰው ልጅ መጠበቅ ጀመረች፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ትቀበላቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ በጓሮ ይጫወታሉ። ልጅ ስትይዝ እጇ አይከብድም፤ ትኩሳት በከንፈሯ ለክታ ታውቃለች፤ ጥፋተኛውን ከአረማመዱ ትለያለች። ለእሷ ልጅ አምኖ መስጠት ከባንክ ይልቅ አስተማማኝ ነው ይሉ ነበር ወላጆቹ። ጓሮው ከሽማግሌው ጓሮ የሚለየው በዝቅተኛ አጥር ነው፤ የእሳቸው የወጥ ቤት መስኮት ወደ ልጆቹ ያያል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ ላውልቅ ብላ ጠየቀች፤ ጽጌ ይህን ወደደችላት። የጽጌ ልጅ ብሩክታዊት ከፋርማሲ ሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ ታስተረጉም ነበር።

«ጎረቤትሽ ከልጆቹ ጋር እንዴት ነበሩ?»

ጽጌ አሰበች። እውነት ለመናገር ፈልጋ ነበር፤ የተናገረችውም እውነት ነው።

«ሁልጊዜ መስኮት ላይ ቆመው ያዩአቸዋል» አለች።

መርማሪዋ ጻፈች።

«ከረሜላ ይሰጧቸዋል። በአጥሩ በኩል።»

ጻፈች።

«አንድ ቀን መቅደስ የምትባለዋ ልጅ አጥሩን ስትዘል ወድቃ አፏ ደማ። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። ቤታቸው አስገብተው አጠቡላት።»

«አፏን?» አለች መርማሪዋ ቀና ብላ።

«አፏን።»

ብሩክታዊት ይህን ስታስተረጉም ድምፅዋ ቀጠነ። ጽጌ ከአፏ የወጣው ነገር በሌላ ቋንቋ ሲነገር ሰማችው። እንዲህ ሲሰለፍ ሌላ ነገር ይመስላል። መቅደስን አቅፈው ሲመልሱላት እንዳመሰገነቻቸው፣ ያን ዕለት ድፎ ቆርሳ እንደላከችላቸው ልትጨምር ፈልጋ ነበር፤ ግን መርማሪዋ ወረቀቷን አጥፋለች፤ ጽጌም ዳቦውን ማንሳት አሳፈራት።

መርማሪዋ ስትወጣ ጽጌ በመስኮት አየች። ሽማግሌውን ይዘዋቸው ሄዱ። በካቴና አላሰሯቸውም። መኪናው ውስጥ ሲያስገቧቸው ግን ፖሊሱ በእጁ አናታቸውን ዝቅ አደረገው፤ ልጅ እንደሚደረገው።

በዚያን ዕለት ልጆች አልመጡም። ወላጆቹ ሁሉ ራሳቸው ወስደዋቸዋል። ሌሊቱን ጽጌ ያሳደገቻቸውን በስም እየጠራች አሰበች፤ ማናቸው የት እንዳሉ፣ ማን አግብቷል፣ ማን ታሟል፣ ማን ሳይሰናበት ቀረ። በጋራው ግድግዳ በኩል ምንም አይሰማም። ሽማግሌው ራዲዮ ከፍተው ነበር የሚተኙት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ፎቶዎች ይዛ ተመለሰች። ብሩክታዊትም ነበረች፤ ሥራ አልገባችም።

«አስቀያሚ ነገር አይደለም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ዕቃ ታውቂው እንደሆነ ብቻ ልጠይቅሽ ነው።»

የመጀመሪያው ፎቶ መሳቢያ አልነበረም። ቁም ሣጥን አልነበረም። የበሰበሰ ቅጠልና ጥቁር ጭቃ የሞላበት የእርሳስ ቦይ ነው። ጭቃው መሃል ነጫጭ ነገሮች፤ ሩዝ የፈሰሰ ይመስላሉ።

«ይኼ የት ነው?» አለች ጽጌ።

«ጣሪያው ላይ። አሸንዳው ውስጥ፣ በእሳቸው በኩል ውሃው ከሚወርድበት አፍ ላይ ተጠራቅሞ።»

«ቤታቸው ውስጥ አይደለም?»

«ቤታቸው ውስጥ ምንም አላገኘንም።»

መርማሪዋ ሁለተኛውን ፎቶ አቀረበችላት። አንዲት ጥርስ ብቻ፣ ቀርባ የተነሳች። አንገቷ ላይ ክር ታስሮባታል። ክሩ ጠቁሯል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አሁንም ወርቅማ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ በሦስተኛው በራሱ ውስጥ ገብቶ የተሳበ ቋጠሮ።

ጽጌ ቋጠሮውን አወቀችው። የነጠላ ጥለት የምትጠልፍበት ክር ነው። እንደዚያ የሚቋጥረው የእሷ እጅ ብቻ ነው። የተነቃነቀ ጥርስ በዚያ ክር ታስርና፣ ልጁን ስለ ሌላ ነገር እየጠየቀች ሳያስበው ትስበዋለች። ልጁ ማልቀሱን ሳይጀምር እጁን ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ትሮጣለች። ጎንና ጎኑ በጎረቤት የተያዘ ቤት ደረጃው ጨለማ ስለሚሆን፣ ግንበኛው በደረጃው አናት ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስታወት አበጅቶለት ነበር። በዘንግ ገፋ አድርጋ ትከፍተዋለች። ልጁን አንሥታ ታቅፈዋለች። አሞራው ይህን የወተት ጥርስ ወስዶ ብርቱውን እንዲያመጣ ይነግረዋል፤ ይወረውራል፤ ይስቃል። መስታወቱ ይዘጋል። አለቀ። ሁሉም ልጅ እንዲህ አድርጓል፤ የራሷ ልጆች፣ የሰው ልጆች፣ የብሩክታዊት ልጅ ኤልያና ባለፈው ክረምት።

አሞራው ወስዶታል ብላ አስባ አታውቅም። አልወሰደውም ብላም አስባ አታውቅም። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ጣሪያ ለእሷ ቦታ አልነበረም።

ብሩክታዊትን አየቻት። ብሩክታዊት ፎቶውን እያየች ነው። እሷም አውቃዋለች።

«እማዬ» አለች በአማርኛ፣ ዓይኗን ከፎቶው ሳትነቅል፣ «ምንም እንዳትዪ። መጀመሪያ ሎየር ኮል እናድርግ።»

«ሰውየውስ?»

«ምንም ካላደረጉ ይለቋቸዋል። አንቺን ግን ልጆች እንዳትይዢ ያደርጉሻል። ትናንት የተናገርሽውንም ጽፈዋል። ዛሬ ሌላ ስትዪ ምን ይሉሻል? ፕሊስ እማዬ።»

«የአንቺም እዚያ ውስጥ አለ እኮ» አለች ጽጌ።

«ምኔ?»

«ጥርስሽ።»

ብሩክታዊት አፏን በእጇ ያዘች። መርማሪዋ አንዴ እናቲቱን አንዴ ልጂቱን እያየች ትጠብቃለች። ጽጌ ከዚህ በኋላ አስተርጓሚ አልፈለገችም። ተነሥታ ባላት እንግሊዝኛ ተናገረች።

«ጥርሱ የኔ ነው» አለች።

መርማሪዋ ሳታስበው የጽጌን አፍ አየች።

«ነይ» አለች ጽጌ፤ ቀድማ ደረጃውን ወጣች።

ላይ ሲደርሱ ዘንጉን አንሥታ መስታወቱን ከፈተችው። የመወጣጫው ብረትና ግራጫ ሰማይ ታየ። የሹራቧን ቁልፍ በጥሳ ወረወረችው። ሦስቱም አዳመጡ። ቁልፉ በጣሪያው የድንጋይ ክዳን ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ፣ ከዚያም እርሳሱ ላይ ጠቅ ብሎ ሲያርፍ ተሰማ።

«አገራችን ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይጥላል» አለች ጽጌ። «ወፍ እንዲወስደው።»

«ስንት ልጅ?» አለች መርማሪዋ።

«ሁሉም።»

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሥር የሌላቸው፣ በራሳቸው የወለቁ ጥርሶች መሆናቸውን የመረመራቸው ሐኪም ሌሊት ነግሯት ነበር፤ እዚያ እንዴት እንደደረሱ ግን የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። ክሩንና ቋጠሮውን በደንብ አየች። «ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጠየቀች።

«ቤታቸው ተገኘ አሉኝ። እኔም አመንኩ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ጽጌ የአበራሽን ስም ልትጠራ ጀምራ ተወችው። ያመነችው አበራሽ አይደለችም፤ እሷ ናት።

ሚስተር ዶኔጋን ከቀትር በኋላ በታክሲ ተመለሱ። ከዚያ በፊት ጽጌ ወጥታ ከበራቸው በላይ ያለውን ግማሽ ክብ መስታወት አጥባለች፤ ማታ አንድ ሰው እንቁላል ወርውሮበት ነበር። አስኳሉ ደርቆ አልለቅም ብሏት በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ሲገቡ አየቻቸው። ትንሽ ጠብቃ ሄዳ አንኳኳች። ብሩክታዊት አብሬሽ ልሂድ ብላት ነበር፤ እንቢ አለች።

በሩን ከፈቱት፤ ግን ገብተሽ ተቀመጭ አላሏትም። በስተኋላቸው መሳቢያዎቹ ተጎልጉለው መሬት ላይ ይታያሉ።

«ጥርሱን ነገሩኝ» አሉ። «ወፍ ነው አሉ?»

«ወፍ ነው።»

«እህ።»

ጽጌ የይቅርታ ቃል አዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«መስኮት ላይ ቆመህ ልጆች ታያለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ» አሉ ሽማግሌው። «ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከረሜላውንስ?»

«እኔ።»

«የዚያችን ልጅ አፍ ማጠቤንም?»

«እሱንም እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ሁሉም እኮ እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ለዚህ ነው መልስ ያጣሁት።»

በሩን ዘጉት። በኃይል አይደለም፤ የታመመ ሰው ያለበትን ክፍል እንደሚዘጉ፣ ቀስ አድርገው።

ልጆቹ ተመልሰው መምጣት ሲጀምሩ ጽጌ አንድ ነገር ወሰነች። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ለእያንዳንዳቸው የሆነውን ሁሉ ልትነግራቸው። ጥርሱን ጣሪያ ላይ ያስጣለችው እሷ መሆኗን። በሽማግሌው ላይ ለፖሊስ የተናገረችውንም። የሚሰድባት ይኖራል፣ ልጁን የሚያስቀር ይኖራል ብላ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። ብሩክታዊት ለምናታለች። «አንቺ ስምሽን ለምን ታጠፊያለሽ? ጉዳዩ ተዘጋ እኮ» አለቻት።

«ለፖሊስ ነው የተዘጋው» አለች ጽጌ።

ነገረቻቸው። ካናዳዊው የመንትዮቹ አባት ሳቀ፤ ስለ ወፉ ደጋግሞ ጠየቃት፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው አለ። ሌላዋ እናት አቀፈቻት። «ምን ታደርጊ ነበር፤ ለልጆቹ ብለሽ ነው» አለቻት። አንድም የተቆጣት ሰው የለም። አንድም ልጅ አልቀረባትም። ሁሉም ያጽናኗታል፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀችም ነበር።

መጨረሻ የመጣችው የመቅደስ እናት እንቁ ናት። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ከነዩኒፎርሟ ነበረች። ጽጌ ለእሷ በአማርኛ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፤ የመቅደስን አፍ ነገርም።

«ኧረ እትዬ ጽጌ» አለች እንቁ፣ «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ልጅ እኮ ነው። ራስዎን አይውቀሱ።»

«ምንም አላደረጉም እኮ እንቁ። ልጅሽን ነው ያጠቡልሽ።»

«አውቃለሁ። ደግ ሰው ናቸው። ሁልጊዜም የምለው ነው።»

የዚያን ጊዜ የጎን በር ተከፈተ። ሚስተር ዶኔጋን የገበያ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሥጋ የጎደለባቸው ይመስላሉ። ደረጃው አንድ ነው፤ በእነሱ በኩል ማለፍ አለባቸው። መቅደስ ቦርሳዋን እያወዛወዘች «ሃይ ሚስተር ዲ» አለቻቸው፤ እንደ ወትሮዋ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሄደች።

እንቁ ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው። እጇ ግን በዚያው ቅጽበት ወርዶ የልጂቱን ትከሻ ያዘ፤ ወደ ቀሚሷ ሳባት።

ጽጌ አየች። ሽማግሌውም አዩ። ለመቅደስ «ሃይ» አሉ፤ ከወትሮው ራቅ ብለው፣ በደረጃው ጠርዝ በኩል የብረቱን ድጋፍ ይዘው ወረዱ።

«እንቁ» አለች ጽጌ።

«አቤት።»

«እጅሽን።»

እንቁ ወደ ታች አየች። እጇን የልጇ ትከሻ ላይ ስታገኘው፣ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ዕቃ ይመስል፣ መልሳ መላልሳ አየችው።